ጭራ አይተው ዘመድ አይበሉ፦ በአዲስ አበባ እምብርት ባለጭረት ቢራቢሮዎችን የመለየትና የዘር ሐረጋቸውን የመሳል ዝርዝር መመሪያ

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚያወርደው መንገድ ዳር ባለ ግቢ ውስጥ፣ አውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቢራቢሮ ፎቶ አነሳሁ። በአጥሩ ሥር በበቀለ የአተር ሐረግ ላይ ክንፏን ገጥማ ቆማ ነበር። ከኋላ ክንፏ ጫፍ እንደ ክር የቀጠነች ጭራ ወጥታለች፤ ከጭራዋ አጠገብ ብርቱካናማ ጠርዝ ያለው ጥቁር ነጥብ ይታያል። ጭራዋን አይቼ «ባለጭረት» (ከታች የማስረዳው የቢራቢሮ ቤት) ብዬ በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍሁ። ስህተት ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉም ሳላርመው ቆየሁ። ስህተቱን ሳርም የተማርሁትን ነው እዚህ በቅደም ተከተል የማስቀምጠው፤ የቢራቢሮ ምደባ መልክን ከማየት ይጀምራል እንጂ በመልክ አያበቃም።

አገራችን ይህን ትምህርት ከሳይንስ በፊት ታውቀዋለች። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ «ልጁ ማንን ይመስላል?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ከማን ተወለደ? አያቱ የማን ልጅ ናቸው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በሙሉ ያ ጥያቄ ነው፤ የሚጠየቁት ግን አፍ የሌላቸው ፍጥረታት ስለሆኑ መልሱን ከክንፋቸው፣ ከእግራቸው፣ ከእጫቸውና ከዘረመላቸው ማውጣት አለብን።

ስለ የትኞቹ ነው የምንነጋገረው

ከቢራቢሮ አስተኔዎች በዝርያ ብዛት ሁለተኛው ሊኬኒዴ ይባላል፤ ከ5,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። አስተኔ ወደ ንዑስ አስተኔ፣ ንዑስ አስተኔ ወደ ነገድ፣ ነገድ ወደ ወገን፣ ወገን ወደ ዝርያ ይከፈላል። ባለጭረት የምላቸው ቴክሊኔ በሚባለው ንዑስ አስተኔ ውስጥ የተመደቡትን ነው። የእንግሊዝኛው ስማቸው የመጣው በክንፋቸው የታችኛ ገጽ ላይ ከምትሰመረው፣ እንደ ፀጉር ከቀጠነች መስመር ነው፤ በአማርኛ የተለመደ ስም ስላላገኘሁላቸው «ባለጭረት» የሚለውን መርጫለሁ። ከእነሱ ጎን ሦስት የቅርብ ጎረቤቶች አሉ፦ ሰማያዊዎቹ (ፖሊዮማቲኔ)፣ መዳብማዎቹ (ሊኬኒኔ) እና በአብዛኛው የአፍሪካ ተወላጆች የሆኑት አፍኔይኔዎች። እነዚህን አራቱን ቤቶች መለየት ከቻሉ የሥራው ግማሽ አለቀ።

ደረጃ 1፦ ቦታና ሰዓት መምረጥ

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ እምብርት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቢራቢሮም ደሙ የሚሞቀው በፀሐይ ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በፊት መውጣት ድካም ብቻ ነው። ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉም የተሻለ ነው። ከወራት ደግሞ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ድረስ፣ ሣሩና አበባው ገና ሳይደርቅ ይውጡ።

ቢራቢሮ ከማሳደድ ይልቅ ተክል ይፈልጉ። ይህ ከምሰጣቸው ምክሮች ሁሉ የምተማመንበት ነው፤ እያንዳንዷ ዝርያ እጯ የሚበላውን ተክል አትርቅም። በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ በድሮ ሆቴሎች አትክልት ቦታ፣ በቀበና ወንዝ ዳር፣ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ የሚከተሉትን ያስሱ።

አተርና ባቄላ፣ ወይም የእነሱ ዘመድ የሆነ ማንኛውም ባለ እሸት ሐረግ ካለ አበባውንና እሸቱን ይመርምሩ። ሰማያዊ አበባ የሚያወጣው የአጥር ተክል፣ ፕሉምባጎ፣ ሌላ ቢራቢሮ ያስተናግዳል። እንዳሁላ በድንጋይ ካብ ላይ በቅሎ ካዩ ወፍራም ቅጠሉን ወደ ብርሃን አቅንተው ይመልከቱ፤ ውስጡ ተበልቶ ቆዳው ብቻ እንደ መስታወት ከቀረ፣ የሌፕቶሚሪና ወገን እጭ እዚያ ቆይታ ሊሆን ይችላል። በግራርና በሌሎች ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ የሚኖረውን ተቀጽላ ቀና ብለው ይፈልጉ፤ የአዮላውስ ወገን ከመቶ በላይ ዝርያዎች አሉት፣ እጮቹም የሚያድጉት በተቀጽላ ላይ ነው። እርጥብ ቦታ ላይ ቱልት ከበቀለ የመዳብማዎቹ ምግብ ነውና አይለፉት።

ግቢው የማን እንደሆነ ጠይቀው ይግቡ። አንድ የጥበቃ አባት ሣር ላይ ተንበርክኬ ሲያዩኝ «ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?» ብለው ከእኔ ጋር ፍለጋ ጀምረዋል። ምን እንደምፈልግ ካስረዳኋቸው በኋላ ከእኔ ይልቅ ቀድመው የሚያዩት እርሳቸው ሆኑ፤ በየቀኑ እዚያ የሚውል ሰው ዓይን የሚተካ መሣሪያ የለም።

ደረጃ 2፦ መያዣና መሣሪያ

ካሜራ ያለው ስልክ፣ በስልኩ ሌንስ ላይ የሚቆነጠጥ ማጉያ፣ የሚሊሜትር ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ደብተር። መረብ ካስፈለገ ከአሮጌ አጎበር ጨርቅ በሽቦ ክብ ላይ ሰፍቶ መሥራት ይቻላል። ለሥዕልና ለመለየት መግደል አያስፈልግም፤ አብዛኛው ምልክት በጥሩ ፎቶ ይታያል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። የኢትዮጵያን ሕያው ሀብት ናሙና ለዘረመል ምርምር መውሰድና ከአገር ማውጣት ፈቃድ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ይህን ይደነግጋል፤ የሚመለከተውም መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ውጭ አገር ያለ ወዳጅ «በፖስታ ላክልኝ» ቢልዎት እንኳ ያለ ፈቃድ አያድርጉት።

ደረጃ 3፦ አምስት ፎቶ፣ በዚህ ቅደም ተከተል

ቢራቢሮዋ ስትቆም ክንፏን ትገጥማለች፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚገኘው የታችኛው ገጽ ነው፣ በምደባም ከላይኛው የበለጠ የሚነግረን እሱ ነው። ከጎን፣ ሌንሱ ከክንፉ ጋር ቀጥ ብሎ፣ አንድ ያንሱ። ሁለተኛው የኋላ ክንፍ ጫፍ ብቻ፣ በጣም ቀርቦ። ሦስተኛው ፊቷ፦ ዓይንና አንቴና። አራተኛው እግሮቿ። አምስተኛው፣ ፀሐይ ለመሞቅ ክንፏን ስትዘረጋ፣ የላይኛው ገጽ። ጥላዎ ከወደቀባት ትነሳለች፤ ፀሐይን ከጎንዎ አድርገው ይቅረቡ።

የላይኛውን ገጽ ሰማያዊ ቀለም አይመኑት። ያ ሰማያዊ በአብዛኛው ከቀለም ንጥረ ነገር የሚገኝ አይደለም፤ በቅርፊቶቹ ላይ ያለው እጅግ ደቃቅ አሠራር ብርሃንን መልሶ ሲያንጸባርቅ የሚፈጠር ነው። አቅጣጫ ሲቀየር ቀለሙም ይቀየራል፤ በብዙ ዝርያዎች ወንዱ ሰማያዊ ሆኖ ሴቷ ቡናማ ናት።

ደረጃ 4፦ አስተኔውን ማረጋገጥ

ትንሽ ቢራቢሮ ሁሉ ሊኬኒዴ አይደለም። ፊቷን ያዩበትን ፎቶ ያጉሉት። አንቴናው ነጭና ጥቁር ቀለበት የተደረደረበት ነው? ዓይኑ ዙሪያውን በነጭ ቅርፊት ተከብቧል? የአንቴናው ሥር ዓይኑን ትንሽ ጎድጎድ አድርጎ ገብቶበታል? ሦስቱም ከተሟሉ በትክክለኛው ቤት በር ላይ ነዎት።

ከዚያ እግር። የሴቷ ስድስቱም እግሮች ሙሉ ናቸው። የወንዱ የፊት እግሮች መዳፍ ግን በአብዛኛው ጥፍር የሌለው አንድ ወጥ ቁራጭ ሆኗል፤ ሆኖም ይራመድበታል። ትልልቆቹ የኒምፋሊዴ አስተኔ ቢራቢሮዎች የፊት እግራቸውን አጥፈው በአራት እግር ብቻ ሲቆሙ ያዩዋቸዋል። የሊኬኒዴ የቅርብ እህት አስተኔ ሪዮዲኒዴ ናት፤ የእርሷም ወንዶች የፊት እግር ከዚህ በባሰ አጥሯል። ከአንዱ ወደ ሌላው የእግሩን እጣ ሲከታተሉ፣ ዝግመተ ለውጥ አካልን እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚቀንስ በዓይን የማየት ያህል ነው።

ደረጃ 5፦ አራቱን ቤቶች መለየት

መዳብማዎቹ ቀላል ናቸው፤ የላይኛው ገጻቸው እንደ አዲስ የተወለወለ መዳብ ያበራል። ሊኬና ፍሌያስ የምትባለው በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛና መካከለኛ አገሮች የምትኖር ናት፤ ግን በኢትዮጵያ ደጋ ላይም የራሷ ንዑስ ዝርያ አላት። በዙሪያዋ ያለው ቆላ ለእርሷ ባሕር ማለት ነው፤ ደጋው ደሴት ሆኖላታል። ይህን ቆም ብለው ያስቡት፤ አንድ ዝርያ እንዴት ለሁለት መከፈል እንደሚጀምር ከዚህ የተሻለ ማሳያ በቅርባችን የለም።

አፍኔይኔዎች በታችኛው ገጻቸው ላይ የብር ወይም የወርቅ ብልጭታ ያለው ነጥብና መስመር አላቸው። በአገራችን ከሚገኙት አንዷ አክሲዮሰርሰስ ሃርፓክስ ናት፤ የላይኛው ገጿ ቀይ ነው፣ እጯም በግራር ላይ ከጉንዳኖች ጋር ትኖራለች። እነዚህ ለረጅም ጊዜ ከባለጭረቶቹ ነገዶች እንደ አንዱ ሲቆጠሩ ቆይተዋል። ጭራ አላቸው፣ መልካቸውም ይመሳሰላል። ዛሬ ግን ራሳቸውን የቻሉ ንዑስ አስተኔ ሆነው ወጥተዋል።

አሁን የሚያስቸግረው ቀረ፦ ሰማያዊዎቹና ባለጭረቶቹ። በሣር ሜዳ ላይ ከቁርጭምጭሚት ሳይዘል የሚበረው ደቃቁ ዚዚሪያ ክኒስና ጭራ የለውም፤ ሰማያዊ ለመሆኑ ማንም አይጠራጠርም። በፕሉምባጎ አጥር ላይ የሚዞረው ሌፕቶተስ ፒሪቶውስ ግን ጭራ አለው፤ የታችኛው ገጹ እንደ ሜዳ አህያ በቡናማና በነጭ የተዥጎረጎረ ነው። የእኔዋ የአተር ቢራቢሮ ላምፒደስ ቦኤቲከስ ነበረች፤ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1767 ስም የሰጣት፣ በአፍሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስያና በአውስትራሊያ የምትገኝ፣ እሸት ውስጥ ገብታ የምታድግ። ምልክቷ በኋላ ክንፏ የታችኛ ገጽ፣ ወደ ጠርዙ ጠጋ ብሎ ከሌሎቹ ሞገዳማ መስመሮች ሰፋ ያለ አንድ ነጭ ጥብጣብ መኖሩ ነው። ጭራ አላት፣ ቤቷ ግን ከሰማያዊዎቹ ነው።

እውነተኛ ባለጭረት ስታጋጥም ምን ይታያል? የዲዩዶሪክስ ወገንን እንውሰድ። ሰውነቱ ደንደን ያለ ነው፤ አበራረሩ ፈጣንና ቀጥተኛ፣ ዓይን የሚያመልጥ ነው። ከጭራው አጠገብ በኋላ ክንፉ ውስጠኛ ማዕዘን ላይ እንደ ጆሮ ጫፍ የተንጠለጠለች ክብ ቅጥያ አለች፤ ይህችን ቅጥያ ላምፒደስ ላይ አያገኟትም። ዲዩዶሪክስ አንታለስ በእሸትና በፍሬ ውስጥ ያድጋል፤ ዘመዱ ዲዩዶሪክስ ሊቪያ ደግሞ የሮማን ፍሬ እየበሳ ስለሚገባ በግብፅና በዓረብ አገሮች ገበሬ የሚያማርርበት ተባይ ነው። ሂፖሊኬና ፊሊፐስ በእያንዳንዱ የኋላ ክንፉ ሁለት ሁለት ጭራ አለው። አዮላውስ ከላይ የሚያንጸባርቅ ሰማያዊ፣ ከታች ብዙውን ጊዜ ነጭ ሆኖ በቀጭን ቀይ መስመር የተሰመረ ነው።

ደረጃ 6፦ ጭራውን መመርመር

ጭራው ለምን እንደሚያሳስት ለመረዳት ቢራቢሮዋን አምስት ደቂቃ ሳይነቃነቁ ይመልከቷት። ስትቆም የኋላ ክንፎቿን ወደ ላይና ወደ ታች ታሻሻለች፤ ጭራዎቹ እንደ አንቴና ይንቀጠቀጣሉ። ከሥራቸው ያለው ጥቁር ነጥብ ዓይን ይመስላል። ከኋላ ሌላ ራስ አላት ማለት ነው፤ ወፍ ወይም ዘላይ ሸረሪት ያንን የውሸት ራስ ሲነክስ ቁራሽ ክንፍ ይዞ ይቀራል፣ እርሷ ግን ታመልጣለች።

ይህን በራስዎ መመርመር ይችላሉ። ጫፉ የተቆረሰ የኋላ ክንፍ ያላቸውን ለብቻ ይመዝግቡ። የግራውም የቀኙም ክንፍ በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ቅርጽ ከተጎደሉ፣ ንክሻው የደረሰው ክንፏን ገጥማ በቆመችበት ጊዜ ነው። የአንዱ ብቻ ከሆነ እሾህም፣ እርጅናም ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚወጣው ነጥብ ትልቅ ነው። ነፍስ የሚያድን መሣሪያ በተለያዩ ቤቶች ውስጥ በየራሱ ጊዜ ሊበቅል ይችላል፤ የማያስፈልግበት ቦታ ላይ ደግሞ ይጠፋል። ስለዚህ ጭራ ብቻውን የዝምድና ምስክር ሊሆን አይበቃም። እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው።

ደረጃ 7፦ እጩንና ጉንዳኖቹን መከታተል

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚጥመው ነው። የሊኬኒዴ እጭ አጭር፣ ጠፍጣፋና ራሱን ከሥሩ የሚደብቅ ነው፤ ሲያዩት እንደ ትል ሳይሆን እንደ ትንሽ ጋሻ ነው። የኑሮ ታሪካቸው ከታወቁት የአስተኔው ዝርያዎች ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ በሆነ መንገድ ከጉንዳን ጋር ይገናኛሉ።

ጉንዳን በአንድ ቡቃያ ላይ ሲመላለስ ካዩ ቅጠሉን ቀስ ብለው ይገልብጡ። እጩ በሆዱ ሰባተኛ ክፍል ጀርባ ላይ ጣፋጭ ፈሳሽ የምታወጣ ዕጢ አለችው፤ ጉንዳኑ በአንቴናው መታ መታ ሲያደርጋት ጠብታ ትሰጣለች። በስምንተኛው ክፍል ላይ ወጣ ገባ የሚሉ ሁለት ቀንዶች አሉ፤ ጉንዳኑን የሚቀሰቅሱ ናቸው። ለጠብታው ምላሽ ጉንዳኑ እጩን ከተርቦችና ከሌሎች አዳኞች ይጠብቃል። ወደ ቢራቢሮነት ለመለወጥ ተሸፍና የምታርፈው ፒዩፓ እንኳ ሰውነቷን አፋጭታ ድምፅ ታሰማለች። ሚሌቲኔ የሚባለው ንዑስ አስተኔ ደግሞ ቅጠል ትቶ ጉንዳን የሚያረባቸውን የተክል ቅማሎችና መሰሎቻቸውን ወደ መብላት ተሻግሯል።

የሚመዘግቡት፦ ተክሉ ምንድን ነው? እጩ ያለው በአበባ፣ በቅጠል ወይስ በፍሬ ውስጥ ነው? ጉንዳን አለ? ካለ ምን ይመስላል? እነዚህ አራት መልሶች ከአሥር ፎቶ ይበልጣሉ።

ደረጃ 8፦ የክንፍ ሥር መቁጠር

ሥር የምለው ክንፉን ወጥረው የሚይዙትን ቀጫጭን መስመሮች ነው፤ ለዚህ የወደቀ ክንፍ ይበቃል። በመስኮት ጥግ ያለ የሸረሪት ድር ውስጥ ሁልጊዜ ይገኛል። ክንፉን በነጭ ሳህን ላይ አስቀምጠው ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አልኮል አንድ ጠብታ ያድርጉበት፤ እስኪደርቅ ድረስ ቅርፊቱ ብርሃን ያሳልፍና ሥሮቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ፎቶ አንስተው፣ አትመው፣ በእርሳስ ይከተሏቸው። ሥሮቹ ከየት ተነስተው የት እንደሚገናኙ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይለያያል፤ ለምሳሌ ከ1,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት፣ አብዛኛውም በአሜሪካ ሞቃት አገሮች የሚኖረው የባለጭረቶች ነገድ፣ ዩሜይኒ፣ የፊት ክንፉ አሥር ሥሮች አሉት። እንግሊዛዊው ጆን ኤሊየት እ.ኤ.አ. በ1973 የመላውን አስተኔ ምደባ ሲያቀርብ የተደገፈው በእንዲህ ዓይነቱ ማስረጃ፣ በተለይም በክንፍ ሥሮች፣ በእግሮችና በወንዶቹ መራቢያ አካል ቅርጽ ላይ ነበር። ባለሙያዎች ዛሬም ሲከራከሩ ከእርሱ ይነሳሉ።

ደረጃ 9፦ ሠንጠረዥና ዛፍ

አሁን ደብተሩን በአግድም ያዙሩት። በግራ በኩል አምስት ስሞች ወደ ታች ይጻፉ፦ ዚዚሪያ፣ ላምፒደስ፣ ዲዩዶሪክስ፣ ሊኬና፣ አምስተኛዋ ደግሞ ከሌላ አስተኔ የመጣች ተራ ነጭ ቢራቢሮ። የመጨረሻዋ «የውጭ ሰው» ናት፤ ያለ እርሷ የትኛው ባሕርይ አሮጌ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ከላይ ባሕርያቱን ይደርድሩ፦ ዓይንን የሚጎደጉድ አንቴና፣ የተዋሐደ የወንድ የፊት መዳፍ፣ ጭራ፣ የኋላ ክንፍ ቅጥያ፣ የሥሮች አካሄድ፣ የእጭ ዕጢ። ካለ 1፣ ከሌለ 0።

የሚቆጠረው ግን ሁሉም 1 አይደለም። ጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ቪሊ ሄኒግ እ.ኤ.አ. በ1950 ያስተማረው መሠረታዊ ሕግ ይህ ነው፦ ዝምድናን የሚያሳየው የጋራ የሆነ አዲስ ለውጥ እንጂ ከጥንት ሳይለወጥ የቀረ ተመሳሳይነት አይደለም። ክንፍ ሁሉም አላቸው፤ ስለዚህ ክንፍ ምንም አይነግረንም። የተዋሐደው የፊት መዳፍ ግን በውጭ ሰዋችን ላይ የለም፣ በአራቱ ላይ አለ፤ አራቱን ከአንድ ቅድመ አያት ያገናኛቸዋል።

ቀጥሎ ዝምድናቸውን የሚያሳይ ሁለት የዘር ሐረግ ዛፍ ይሳሉ። በመጀመሪያው ላምፒደስንና ዲዩዶሪክስን በጭራቸው ያጣምሯቸው። በሁለተኛው ላምፒደስን ከጭራ አልባዋ ዚዚሪያ ጋር ያጣምሩ። ከዚያ በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ እያንዳንዱ ባሕርይ ስንት ጊዜ መለወጥ እንዳለበት ይቁጠሩ። የመጀመሪያው ዛፍ ጭራን አንድ ጊዜ ብቻ ያበቅላል፤ ሁለተኛው ወይ ሁለት ጊዜ ያበቅላል፣ ወይ አንድ ጊዜ አብቅሎ አንድ ጊዜ ያጠፋል። በጭራ ብቻ ከሄድን የመጀመሪያው ያሸንፋል። ነገር ግን የመራቢያ አካል አሠራርና የዘረመል ማስረጃ ሲጨመር ላምፒደስን ከዚዚሪያ የሚያርቀው ዛፍ በሌላው ሁሉ ላይ ተደጋጋሚ ለውጥ መፈልሰፍ ይጠበቅበታል። በድምሩ ጥቂት ለውጥ የሚጠይቀውን ይያዙ። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌም አንድ ምስክር ከሌሎቹ ሁሉ ቢቃረን በዚያ በአንዱ ላይ ቤት አይመሠርትም።

ደረጃ 10፦ ዘረመልን በኮምፒውተር ማንበብ

ቤተ ሙከራ ባይኖርዎትም ይህን ደረጃ መሥራት ይቻላል። ለእንስሳት መለያ በስፋት የሚያገለግለው ኮክስ 1 ከተባለው ዘረመል የሚወሰድ፣ 658 ፊደላት ያሉት ቁራጭ ነው፤ የብዙ ሺህ ቢራቢሮዎች ንባብ ጄንባንክ በተባለው የሕዝብ ማከማቻ ውስጥ በነፃ ይገኛል። የአምስቱን ወገኖች ንባብ ያውርዱ፣ በነፃ በሚገኝ የማሰለፊያ ፕሮግራም ፊደል ከፊደል ያስተካክሏቸው፣ ከዚያ ዛፍ እንዲሠራ ያዙት። የውጭዋን ነጭ ቢራቢሮ ሥር አድርገው መሰየምዎን አይርሱ፤ ይህ ሲረሳ ዛፉ ተገልብጦ ይነበባል። ፕሮግራሙ በየቅርንጫፉ ላይ የሚያስቀምጠውን የመተማመኛ ቁጥርም ይዩ፤ ቁጥሩ ዝቅተኛ ከሆነ ያ ቅርንጫፍ ገና አልተረጋገጠም።

ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኮክስ 1 ከእናት ብቻ የሚወረስ ነው። በነፍሳት ሕዋስ ውስጥ የሚኖረው ወልባኪያ የተባለ ባክቴሪያም ከእናት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ፣ ሲስፋፋ የእናትን ዘረመል አብሮ ይጎትታል፤ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች አንድ መስለው ሊወጡ ይችላሉ። አንድ ቁራጭ ዘረመል የአንድ ዘመድ ምስክርነት ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ትልልቆቹ ጥናቶች በመቶ የሚቆጠሩ ዘረመሎችን የሚያነቡት። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ወደ 2,300 የሚጠጉ የቢራቢሮ ዝርያዎችን በ391 ዘረመሎች አነጻጽሮ፣ ቢራቢሮዎች የዛሬ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በአሜሪካ ምድር ከእሳት እራቶች ተለይተው እንደወጡና የመጀመሪያ ምግባቸው የአተርና የባቄላ ዘመድ የሆነ ተክል እንደነበር ደምድሟል። ያንን ሳነብ የቀበናው የአተር ሐረግ ትዝ አለኝ። ከሰማያዊዎቹም አንድ ታሪክ አለ፦ ደራሲው ቭላዲሚር ናቦኮቭ በሙዚየም ቢራቢሮ ሲመረምር፣ የአሜሪካ ሰማያዊዎች ከእስያ፣ እስያንና አሜሪካን በሚለየው በቤሪንግ የባሕር ወሽመጥ በኩል፣ በአምስት ተከታታይ ጉዞ እንደመጡ እ.ኤ.አ. በ1945 ገመተ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የዘረመል ንባብ ትክክል መሆኑን አሳየ። እርሱ በእጁ የነበረው ማጉያ መነጽርና የወንዶቹ መራቢያ አካል ቅርጽ ብቻ ነበር።

ደረጃ 11፦ ስሙን ከዛፉ ጋር ማስታረቅ

እዚህ ላይ ደብተሬን ለሁለተኛ ጊዜ ማረም ነበረብኝ። ላምፒደስን ከባለጭረቶቹ አውጥቼ ወደ ሰማያዊዎቹ ካዛወርሁ በኋላ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን የቅርብ ዓመታት የዘረመል ዛፎች የሚያሳዩት ሰማያዊዎቹ ከባለጭረቶቹ ውጭ የቆሙ እህት ቤት እንዳልሆኑ ነው፤ ቅርንጫፋቸው የሚወጣው ከባለጭረቶቹ ቅርንጫፎች መካከል ነው። በሌላ አነጋገር ቴክሊኔ በድሮው አከፋፈል፣ አያትን ይዞ ከልጅ ልጆቿ ከፊሉን ያስቀረ ቤተሰብ ነው። «የእኔ ዘር» ብሎ የአንድ ልጁን ቤት ሳይጠራ የሚቀር አባት የለም፤ ምደባም እንዲሁ የአንድ ቅድመ አያት ዘር ሁሉ በአንድ ስም እንዲጠራ ይሻል።

ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው ሰማያዊዎቹን በባለጭረቶቹ ውስጥ አስገብቶ ትልቅ አንድ ንዑስ አስተኔ ማድረግ ነው። ሌላው ቴክሊኔን ከፋፍሎ ነገዶቹን ከፍ ወዳለ ደረጃ ማሳደግ ነው፤ አፍኔይኔዎች ራሳቸውን የቻሉ ሲሆኑ የተደረገው ይህን ይመስላል። ለእኔ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ስም ሲበዛ ተማሪ ይጠፋል፣ የዛፉም እውነት በአንድ ጣሪያ ሥር በግልጽ ይታያል። ለእርስዎ ሥራ ግን በነገድ ደረጃ መጻፍ ከሁሉም ደህና ነው፦ ዲዩዶሪጊኒ፣ ሂፖሊኬኒኒ፣ አዮላይኒ። ከላይ ያለው ጣሪያ ቢፈርስና ቢሠራ የነገዱ ስም ብዙ አይናወጥም።

አተር ላይ ያገኘኋትን ቢራቢሮ በተመለከተ ደብተሬ አሁን ሁለቱንም ይዟል፤ ሰማያዊ ናት፣ ቤቷም የተሠራው በባለጭረቶቹ ግቢ ውስጥ ነው። ጭራዋን ከእነሱ ወርሳ ይሁን በራሷ ቤት አብቅላው የሚለውን ለመመለስ በዛፉ ላይ የጭራን መብቀልና መጥፋት በየቅርንጫፉ መቁጠር ያስፈልጋል፤ በደረጃ 9 የተለማመዱት ቆጠራ በትልቁ ማለት ነው።

ደረጃ 12፦ መለያ ወረቀት

ሞታ ያገኟትን ቢራቢሮ በሦስት ማዕዘን በታጠፈ ወረቀት ውስጥ፣ በደረቅ ቦታ፣ ከብል ጠብቀው ያስቀምጡ። መለያ የሌላት ናሙና ለሳይንስ ምንም አታገለግልም። አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምም፣ ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከልም አለ፤ የቢራቢሮዋ እጭ የበላችውን ተክል ቅጠልና አበባ አድርቀው ወደዚያ ቢወስዱ፣ ስሙን ከተቀመጡት ናሙናዎች ጋር ማስተያየት ይቻላል።

በወረቀቱ ላይ በእርሳስ ይጻፉ፤ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይፈሳል። በመጀመሪያው መስመር ቦታ፣ በሁለተኛው ከፍታና ቀን፣ በሦስተኛው ተክሉና ጉንዳን መኖር አለመኖሩ፣ በአራተኛው ያገኘው ሰው ስም። የቢራቢሮዋን ስም ግን በሌላ ትንሽ ወረቀት ላይ ለብቻው ይጻፉት፣ ከሥሩም የለዩበትን ዓመት ያክሉ። ስሙ ሲታረም ያንን ወረቀት አያውጡት፤ አዲሱን ከላዩ ይደርቡ። የእኔዋ የአተር ቢራቢሮ ዛሬ ከሥሯ ሦስት ወረቀት አላት።